«አጥንት የለሽም» ተባልኩ፤ ኢምፕላንት ቀረብኝ ማለት ነው?

ጎደሎዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ስድሳ ዓመት ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ። ከላይ በቀኝ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርሶቼ ከተነቀሉ ዓመታት አልፈዋል። ከታች በግራ ደግሞ አንድ ጎድሏል። ሲያዩኝ አይታወቅም፤ ስስቅም አይታይም። ማኘክ ላይ ግን መከራዬን እያየሁ ነው። በቀኝ ባኝክ ከላይ የሚመታ የለም፣ በግራ ባኝክ ከታች የሚቀበል የለም። ሁሉን ነገር ወደ ፊት ጥርሶቼ አመጣለሁ፤ እነሱ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም።

ኢምፕላንት፣ ማለትም በጎደለ ጥርስ ፋንታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለውን ብሎን፣ ላስገባ ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሐኪም ኤክስሬዩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «አጥንት የለሽም፤ የሚወልቅ ጥርስ ይሠራልሽ» አለኝ። በቃ፣ ወሬው በዚሁ አለቀ። ሁለተኛዋ ሐኪም «ከላይ ሳይነሱን ከፍ አድርገን አጥንት እንጨምራለን፣ ከታች አጭር ኢምፕላንት ይበቃል» አለች። ሦስተኛው ጭራሽ «አጥንት መጨመር ምን ያደርጋል? ቀጭን ቀጭን ኢምፕላንት አለ፤ ዛሬ ገብቶ ዛሬውኑ ታኝኪበታለሽ» ብሎ ማደንዘዣውን ሊወጋኝ ነበር። ከወንበሩ ተነሥቼ ወጣሁ።

አፉ የእኔ፣ አጥንቱ ያው አንድ። እንዴት ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል? ማንን ልመን? ደግሞስ የሚጨመረው አጥንት የላም ነው የሚሉት እውነት ነው? ሳይነስ የሚባለው ቀዶ ሕክምናስ ያማል ወይ? ያሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የምትዋጥ ኪኒን እወስዳለሁ። ስለ እሷ ማንም አልጠየቀኝም። መቼም የአጥንት መድኃኒት ስለሆነች ለኢምፕላንቱም ትጠቅመኛለች ብዬ አስባለሁ።

ጡረተኛው፦

ጤና ይስጥልኝ። የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አፍዎን ስላላየሁ «ይህን ያድርጉ» አልልም። ሦስቱ መልሶች ለምን እንደተለያዩ ግን መናገር እችላለሁ።

«አጥንት የለም» የሚለው አነጋገር ድሮም ያናድደኝ ነበር። አጥንትማ አለ፤ ባይኖር አፍዎ አይከፈትም አይዘጋም ነበር። የጎደለው የት ቦታ ነው? በቁመት ነው በወርድ? ለየትኛው ዓይነት ኢምፕላንት? በስንት ሚሊ ሜትር? ይህን መመለስ ያልቻለ ሐኪም ገና አልለካም። ካልለካ ደግሞ «ይቻላል» ሲልም «አይቻልም» ሲልም ያው ግምት ነው።

ጥርስን አቅፎ የሚይዘው የመንጋጋ ክፍል የሚኖረው ለጥርሱ ብሎ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ከማኘክ የሚመጣው ጫና ይቀርበታል። ሰውነት ደግሞ ሥራ የሌለውን አጥንት አይቀልብም፤ ቀስ እያለ ያፈርሰዋል። ጥድፊያው መጀመሪያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከወርዱ ግማሽ ያህሉ ሊሄድ ይችላል፤ የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ይበልጥ የሚሳሳው በጉንጭ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። ዛሬ ጠንቃቃ ሐኪም ጥርስ እንደነቀለ ጉድጓዱን በአጥንት መሙያ የሚሞላው ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ባያስቀረውም መሳሳቱን ይቀንሰዋል። ይህንን የምጽፈው ነገ ጥርስ የሚያስነቅል አንባቢ ካለ ብዬ ነው።

ከላይ ከኋላ ያለው ቦታ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ከጥርሶቹ ሥር በላይ፣ ጉንጭ ውስጥ፣ ሳይነስ የሚባል አየር የያዘ ክፍተት አለ። ጥርሱ ሲነቀል አጥንቱ ከድዱ በኩል ይሟሟል፤ ሳይነሱም በበኩሉ ወደ ታች ይሰፋል። በመካከል የሚተርፈው አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከታች በኩል ችግሩ ነርቭ ነው። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በመንጋጋው ውስጥ በቦይ ያልፋል። ከእሱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ አለብን። ከተነካ ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም ስሜቱ አይመለስም።

አሁን ወደ መለኪያው። ያ ሐኪም ወደ መብራት ያነሣው ፊልም ሙሉውን አፍ በአንድ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ኤክስሬይ ይመስለኛል። እሱ ጠፍጣፋ ምስል ነው። ቁመቱን በግርድፉ ያሳያል፤ ያውም ትንሽ አግንኖ። ወርዱን ግን ጨርሶ አያሳይም። ለእርስዎ ዓይነቱ ጉዳይ የሚያስፈልገው ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ነው። በእሱ አጥንቱን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ማየትና በሚሊ ሜትር መለካት ይቻላል። ሦስቱም ሐኪሞች ያንን አንድ ምስል ቢያዩ ኖሮ መልሳቸው ይህን ያህል የሚራራቅ አይመስለኝም።

ለመነሻ ያህል፦ የተለመደው ኢምፕላንት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት፣ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። በግራና በቀኙ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት ሊያቅፈው ይገባል። ስለዚህ ወርዱ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሐኪሙ አይጨነቅም። ከጎረቤት ጥርስ 1.5፣ ከሌላ ኢምፕላንት ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

የሁለተኛዋ ሐኪም ሐሳብ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። በታችኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል አጥንትን ወደ ላይ ማሳደግ ከሥራችን ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ድዱ ይከፈታል፣ የተጨመረው ይጋለጣል፣ ይመረቅዛል። ስለዚህ ቁመቱ ካነሰ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አጭር ኢምፕላንት መሞከር ይመረጣል። በኋላ ጥርሶች ቦታ ላይ የተደረጉ ንጽጽሮች እንደሚያሳዩት አጭሩ ብዙውን ጊዜ አጥንት ተጨምሮ ከሚገባው ረጅም ጋር ተቀራራቢ ውጤት አለው፤ የሚያስከትለው ጣጣም ያንሳል።

የሦስተኛው ሐኪም ቀጭን ኢምፕላንት በቦታው ጥሩ ዕቃ ነው። ጠባብ የፊት ጥርስ ለመተካት ወይም የሚወልቅ ጥርስ አንቆ ለመያዝ ያገለግላል። ከአፍ ሁሉ ትልቁን ጉልበት የሚሸከመው ግን መንጋጋ ጥርስ ነው። በዚያ ቦታ አንድ ቀጭን ብሎን ብቻውን ማቆም አልወድም፤ ሊላላ፣ ሊሰበርም ይችላል። «ዛሬውኑ ታኝኪበታለሽ» የሚባለውም ኢምፕላንቱ ሲገባ አጥንቱ ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው ነው። የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ደግሞ ከአፍ ሁሉ ልል የሆነው አጥንት ያለበት ነው። እዚያ ሲሆን ወራት ጠብቆ መጫን ይሻላል።

ላይኛውን በተመለከተ፣ የተረፈው ቁመት 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢምፕላንቱ በሚገባበት በዚያው ቀዳዳ የሳይነሱን ወለል በቀስታ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ካነሰ በጉንጭ በኩል ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ሳይነሱን የሸፈነው ስስ ሽፋን ሳይቀደድ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከሥሩ አጥንት መሙያ ይጨመራል። 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ካለና አጥንቱ የሚጨብጥ ከሆነ ኢምፕላንቱ በዚያው ቀን ሊገባ ይችላል። ካልሆነ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠበቃል።

አዎ፣ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ከላም አጥንት የተዘጋጀ ነው። ሴሉና ፕሮቲኑ በሙቀትና በኬሚካል ወጥቶለት ማዕድኑ ብቻ የቀረ ደቃቅ ፍርፋሪ ነው። የእርስዎ አጥንት በፍርፋሪው መካከል እየገባ ያድጋል። ሌላም ምርጫ አለ፦ ከራስ አገጭ ወይም ከመንጋጋ ጀርባ የሚወሰድ፣ ከሰው ለጋሽ የሚመጣ፣ በፋብሪካ የሚሠራም። ከላዩ የሚሸፈንበት ስስ ሽፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ወይም ከላም የሚሠራ ነው። በእምነትም ሆነ በሌላ ምክንያት የማይፈልጉት ካለ ከቀዶው በፊት ይናገሩ፤ መተኪያ አለው።

አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር። ያቺ ኪኒን!

ከጽሑፍዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። በሳምንት አንዴ የምትዋጠው የአጥንት መሳሳት ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ አሌንድሮኔት ወይም የእሱ ዘመድ ናት። የምትሠራው አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች በማዳከም ነው። ለዳሌና ለአከርካሪ ይህ ጥሩ ነው። የመንጋጋ ቁስል የሚድነው ግን አሮጌው አጥንት ፈርሶ አዲስ እየተሠራ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከጥርስ ነቀላ ወይም ከቀዶ በኋላ አጥንቱ ተራቁቶ ሳይድን ይቀራል፣ ይሞታልም። በኪኒን ለአጥንት መሳሳት ብቻ ለሚወስዱ ይህ የሚያጋጥመው በጣም ጥቂቱን ነው። ለካንሰር በደም ሥር በብዛት የሚሰጣቸው ግን አደጋቸው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ኪኒኗ የተወሰደችበት ዘመን በረዘመ ቁጥርም ሥጋቱ ይጨምራል።

ይህ ማለት ኢምፕላንት ክልክል ነው ማለት አይደለም። ሐኪሙ ሳያውቅ አይጀመርም ማለት ነው። የመድኃኒቱን ስም፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚወስዱት፣ ኮርቲሶን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ካለም ጽፈው ይስጡ። ሐኪሙ ጠይቆ መመዝገብ ነበረበት፤ ሦስቱም ይህን ሳይጠይቁ ስለ ብሎን ማውራታቸው ያሳዝናል።

በገዛ እጅዎ ግን ኪኒኗን እንዳያቋርጡ። በተለይ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋውን ዴኖሱማብ የሚወስዱ አንባቢዎች፣ መርፌውን ያለ ሐኪም ማዘግየት አከርካሪ ሊሰብር ይችላል።

ስኳር፣ ሲጋራ፣ የድድ በሽታ፣ በእንቅልፍ ጥርስ ማፋጨት፣ የአንገትና የፊት ጨረር ሕክምና ካለም ይነገር። እነዚህን ማንም ስለሚያወራቸው አልደግማቸውም።

አስነጥሳለሁ፦

እህቴ፣ እኔ ሳይነሱን አሠርቻለሁ። ዶክተር የጻፉትን አልደግምም፤ የሚሰማሽን ልንገርሽ።

ሕመሙ አይደለም የሚያስቸግረው። ማደንዘዣው በደንብ ይይዛል። ድምፁ ነው! አጥንቱ ሲቦረቦር ጭንቅላትሽ ውስጥ ይሰማሻል። ሐኪሜ ቀድሞ ስለነገረኝ አልደነገጥኩም። ጉንጬ አብጦ ዓይኔ ሥር ድረስ በልዞ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ባሰበት፣ ከዚያ ወረደ። ከቤት ሳልወጣ ሰነበትኩ።

ከባዱ ክልከላው ነው። አፍንጫ መናፈጥ የለም። በስትሮ መጠጣት የለም። ከባድ ዕቃ ማንሣት የለም፤ አውሮፕላንም ቢሆን ሐኪሙ እስኪፈቅድ የለም። ማስነጠስ ከመጣ አፍን ከፍቶ ነው፤ አፍንጫሽን ይዘሽ ካፈንሽው ግፊቱ ወደ ሳይነሱ ይሄድና የተሠራውን ያበላሸዋል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ አቧራ ባየሁ ቁጥር የማስነጥስ ነኝ! አፌን ከፍቼ ሳስነጥስ ቤተሰቡ በሙሉ ከሳቁ የተነሣ የሚያስነጥሱት እነሱ የሆኑ ይመስል ነበር። ጭንቅላት ከፍ አድርጎ መተኛትም እብጠቱን ያግዛል።

ከዚያ የቀረው መጠበቅ ነው። ምንም አያምም፣ ምንም አይታይም፣ ዝም ብሎ ወራት መቁጠር። ጉንፋን ወይም የሳይነስ ሕመም ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ታከሚ። የእኔ ሐኪም ጉንፋን ይዞኝ ብሄድ ቀጠሮ ቀይሮ መልሶኛል፤ ያኔ ተናድጄበት ነበር፣ አሁን አመሰግነዋለሁ።

ተነቃዩ፦

የሚወልቅ ጥርስን እንደ ቅጣት ለምን ታዩታላችሁ? እኔ ከታች አንድም ጥርስ የለኝም። «አጥንትህ አልቋል» ተብዬ ነበር። ያለቀው ግን ከኋላ ነው። ከፊት፣ ከአገጭ በላይ ያለው አጥንት ብዙ ሰው ላይ ይተርፋል። እዚያ ሁለት ኢምፕላንት ገባልኝና የሚወልቀው ጥርሴ እነሱ ላይ እንደ ልብስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ይያያዛል። ማታ አወልቀዋለሁ፣ አጥባለሁ፣ ጠዋት መልሼ ቀጭ። ድሮ ሳወራ ይንሳፈፍ ነበር፤ አሁን ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ታችኛው መንጋጋው ጥርስ አልባ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንት የሚያዝ ጥርስ ይሁን ብለዋል። የእህታችን ጉዳይ የተለየ መሆኑ ይገባኛል፤ ጥርሶቿ አብዛኞቹ አሉ። ግን «የሚወልቅ» ሲባል ፊት አታጥቁሩ ለማለት ነው።

እኔም ልጠይቅ፦

ዶክተር፣ ወንድሜ ላይኛው መንጋጋው ላይ ምንም ጥርስ የለውም። ከጉንጭ አጥንት ጋር የሚታሰር ረጅም ኢምፕላንት አለ ብለውታል። ማስፈራሪያ ነው ወይስ እውነት?

ጡረተኛው፦

እውነት ነው። ዛይጎማቲክ ይባላል። ርዝመቱ ከ30 እስከ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ከድዱ ተነሥቶ ጉንጭ አጥንት ውስጥ ይያያዛል። ላይኛው መንጋጋ እጅግ ለሳሳበትና አጥንት መጨመር ለማይፈልግ ወይም ለከሸፈበት ሰው ነው። ዓይን ቅርብ ነው፣ ሳይነስ ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሠራው ሐኪም እጅ ላይ ካልሆነ አይሞከርም። ከዚያ በፊት ግን በአራት ኢምፕላንት ሙሉ ጥርስ የሚያቆመውን ዘዴ ይጠይቅ። ሁለቱ ከፊት ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ የኋላዎቹ ሁለቱ እስከ 45 ዲግሪ ተጋድመው ሳይነሱን ይሸሹታል። ብዙ ሰው በዚህ ይገላገላል።

የኢምፕላንት ሙያ ጅማሬ ራሱ ጉድለት ካለበት መንጋጋ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሮንማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባው ታይታኒየም አልነቀል ሲለው ነው ነገሩ የገባው። እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ያከመው ሰው መንጋጋው ከተፈጥሮ ጉድለት ያለበት ነበር። ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ኢምፕላንቶቹ አገልግለውታል።

ጎደሎዋ፦

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምስሉን አስነሣሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ከላይ ቁመት 4፣ ወርድ 8 ሚሊ ሜትር። ከታች ከነርቩ በላይ ቁመት 9፣ ወርድ 7። ኪኒኗ እንዳሉት አሌንድሮኔት ናት። የጀመርኩበትን ዓመት ከድሮ ማዘዣዎች አገኘሁት፤ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ተነቃዩ፣ ፊቴን አላጠቆርኩም፣ አይዞህ! አስነጥሳለሁ፣ አንቺን ሳስብ እስካሁን እስቃለሁ።

ጡረተኛው፦

አየሽ፣ «የለሽም» የተባለው አጥንት ቁጥር አወጣ። ይቅርታ፣ አንቺ አልኩዎት፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ታችኛው፦ ከ9 ላይ ለነርቩ 2 ሲቀነስ 7 ይቀራል። 6 ሚሊ ሜትር አጭር ኢምፕላንት ይገባል፤ ወርዱም በቂ ነው። ቁጥሩ ብቻ ሲታይ አጥንት መጨመር አያስፈልግም። ላይኛው፦ ወርዱ ድንቅ ነው፣ ቁመቱ 4። በመስኮት የሚሠራው ነው። በዚያው ቀን ኢምፕላንት ይግባ አይግባ ሁለተኛዋ ሐኪም አጥንቱን በእጇ ነክታ የምትወስነው ነው፤ «ሁለት ጊዜ ይሁን» ብትል አይከፉ።

ሁለት ነገር ይጠይቋት። አንደኛ፣ ጥርሱ ከጎደለ ዓመታት ስላለፉ ከክፍተቱ ትይዩ በሌላኛው መንጋጋ ያለው ጥርስ ወደ ክፍተቱ መጥቶ ይሆናል። ከመጣ አጥንት ቢኖርም ለጥርሱ አናት ቦታ አይኖርም፤ ይህን ደግሞ ሲቲው ሳይሆን አፍ ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ነው የሚያውቀው። ሁለተኛ፣ ከላይ ሁለቱንም መተካት የግድ ነው ወይ? የታችኛው ተተክቶ በግራ በደንብ ካኘኩ፣ በቀኝ ደግሞ ከመንጋጋ ጥርሶቹ በፊት ያሉት ሁለቱ ትንንሾች ካሉ፣ ብዙ ሰው በዚያ በሰላም ይኖራል። ስድስት ዓመት ኪኒን ለወሰደ ሰው ቀዶ በቀነሰ ቁጥር ይሻላል። እኔ ብሆን ከታች ጀምሬ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚድን አይቼ፣ ከዚያ ስለ ላይኛው አስብ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት ግን ኪኒኗን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያግኙ። መድኃኒቱ ይቀጥል፣ ለጊዜው ይቁም፣ ወይም ይቀየር የሚለው የእሱ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን በጽሑፍ ይቀበሉና ከሲቲው ጋር አብረው ለሐኪሟ ይስጧት።